ዶሮ፣ በግ፣ ቆሎ ወይስ ማስጠናት? የመጀመሪያ ብራቸውን ሥራ ላይ ለሚያውሉ የጎጃም ታዳጊዎች

ባለፈው ጥር አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ደብረ ማርቆስ መንገድ ላይ አስቆመኝ። "ጋሼ፣ ክረምት ሠርቼ ያጠራቀምኳት ብር አለች። ዶሮ ልግዛባት ወይስ በግ?" አለኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ "ዶሮ" አልኩት። ዶሮ ቦታ አይፈጅም፣ እንቁላሉም በየቀኑ ነው ብዬ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ደነገጥኩ። ሁዳዴ ሊገባ የቀረው ሦስት ሳምንት ነበር። ልጁ እንዳልኩት ቢያደርግ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ገዢ የሌለው እንቁላል ሲቆጥር ሊከርም ነው። በማግስቱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠብቄ አገኘሁትና "ያልኩህን ተወው፣ እንደገና እንነጋገር" አልኩት።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ንግግር ውጤት ነው። የጻፍኩት ዕድሜያችሁ ከ14 እስከ 18 ለሆነ፣ ትምህርታችሁን ሳትተዉ የራሳችሁን ገቢ መጀመር ለምትፈልጉ ልጆች ነው። የራስ ገቢ ስል ከቤት ወጥቶ ቤት መከራየት ማለቴ አይደለም። ደብተራችሁንና ጫማችሁን ራሳችሁ መግዛት ነው። ቤት ውስጥ ስለ ገንዘብ ሲወራ የእናንተም ድምፅ እንዲሰማ ማድረግ ነው። ለ16 ዓመት ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሰው ሥራ ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የቱ ያተርፋል?" ብሎ ነው። እኔ ለጀማሪ ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ ባይ ነኝ። ብሬ ስንት ቀን ታስሮ ይቆያል? የመጀመሪያው ዙር ላይ የማይሳሳት ሰው የለም። ብሩ በየሳምንቱ የሚመለስለት ልጅ በሁለት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ሞክሮ ስምንት ጊዜ ያርማል። ብሩ በዓመት የሚመለስለት ልጅ ግን አንዴ ከተሳሳተ ዓመት ሙሉ ይጠብቃል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ሥራዎች የደረደርኳቸው በግምት ብር በሚመለስበት ፍጥነት ነው። ከፈጣኑ እጀምራለሁ።

አንድ ነገር ልበል። ዋጋ በብር አልጻፍኩም። የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የመኖውም የዘይቱም ዋጋ አንድ ቦታ አልቆም ብሏል። ዛሬ ብጽፈው ከሁለት ወር በኋላ ያሳስታችኋል። በምትኩ ስሌቱን አሳያችኋለሁ። ዋጋውን ከገበያችሁ ጠይቃችሁ ሙሉት።

ቆሎና የገበያ ቀን ችርቻሮ

አንዲት የማውቃት የአሥረኛ ክፍል ልጅ አለች። ዓርብ ከትምህርት ስትመለስ ገብስ ትቆላለች። ሱፍና ለውዝ ቀላቅላ ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ አካባቢ ትሸጣለች። መለኪያዋ የሻይ ብርጭቆ ነው። መጀመሪያ ላይ ብርጭቆውን ከምራ ትሰፍር ነበር። ሰው ስለወደደላት እስከ አራት ሰዓት ድረስ ሸጣ ጨረሰች። ማታ ብሩን ስትቆጥረው ግን ገብሱንና ለውዙን ከገዛችበት ብዙም አልበለጠም። ከሰል ሲታሰብበት እንዲያውም ከስራለች።

በሁለተኛው ሳምንት ያደረገችውን ልንገራችሁ። አንድ ኪሎ የተቆላ ቆሎ አስቀምጣ ስንት ብርጭቆ እንደሚወጣው ቆጠረች። ተከምሮ ሲሰፈርና ብርጭቆው ልክ ሲሰፈር ያለው ልዩነት ትርፏ እንደነበር ያወቀችው ያኔ ነው። አሁን ልክ ትሰፍርና አንድ ጭብጥ ምርቃት ትጨምራለች። ደንበኛውም ደስ ይለዋል፣ እሷም አትከስርም። ይህን ሁሉ ለመማር የፈጀባት አንድ ሳምንት ነው። ብር ቶሎ የሚመለስበት ሥራ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ቆሎ ሌላም መልካም ነገር አለው። ጾም አይጎዳውም። እንዲያውም ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴና ፍልሰታ ላይ ይበልጥ ይፈለጋል። ተሳፋሪው ሥጋና ወተት ስለማይነካ የሚያኝከው ነገር ይፈልጋል። መንገድ ተዘግቶ መናኸሪያው ጭር ካለም ቆሎው አይበላሽም፣ ለሰፈር ሱቅ በትንንሽ ፌስታል ቋጥሮ መስጠት ይቻላል።

ችግሩ ዱቤ ነው። የክፍል ጓደኛ "ሰኞ እከፍልሻለሁ" ይላል። ሰኞ ይመጣል፣ ብሩ ግን አይመጣም። እኔ የምመክረው ለማንም ዱቤ አለመስጠት ነው፣ ለዘመድም ጭምር። ለጓደኛ መስጠት ከፈለጋችሁ አንድ ብርጭቆ በነጻ ስጡ። ከዱቤ ይሻላል፣ ቢያንስ አትጣሉም።

በዚሁ ዓይነት ከገጠር ገበያ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ሸንኮራ ገዝቶ ከተማ ጉሊት ላይ መሸጥም አለ። ቡሬና ፍኖተ ሰላም አካባቢ ያላችሁ ደግሞ በርበሬ እንደሚያጓጓችሁ አውቃለሁ። ዛላውን ከምርት በኋላ ሲረክስ ገዝቶ ክረምት ሲወደድ መሸጥ ጥሩ ይመስላል። ግን ብራችሁን ለግማሽ ዓመት ያስራል፣ ደረቅ መጋዘንም ይፈልጋል። "ውኃ ርጨት አድርግበት፣ ይመዝናል" የሚላችሁ ሰው ካለ ከእሱ ራቁ። እርጥብ በርበሬ ይሻግታል። የሻገተው በርበሬ ደግሞ የሆነ ልጅ ወጥ ውስጥ ይገባል።

ማስጠናት

መነሻ ብር ለሌለው ልጅ ከሁሉ የተሻለው ይህ ነው። የሚያስፈልገው ጠመኔ፣ አሮጌ መጽሐፍና ትዕግስት ብቻ ነው። ክፍያው በወር ይመጣል።

ፈላጊ አለ ወይ? አለ። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015ም 3.2 ከመቶ ነበሩ። ወላጅ ይህን ከሰማ ወዲህ ልጁን ገና ከታች ክፍል ጀምሮ ማስጠናት ይፈልጋል። እኛ አካባቢ ደግሞ በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ቤት ለረጅም ጊዜ የተዘጋባቸው ወረዳዎች አሉ። አራተኛ ክፍል ተቀምጠው ፊደል አጥርተው የማያነቡ ልጆች አሉ። አንድ ጎበዝ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ለእነዚህ ልጆች ሊያደርግ የሚችለው ነገር ትንሽ አይደለም።

ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ያሉትን ያዙ። ከእናንተ በአንድ ወይም በሁለት ክፍል ብቻ የሚያንሱትን አትንኩ፣ ለእነሱ እናንተም ገና ተማሪ ናችሁ። ከአራት ልጅ በላይ በአንድ ጊዜ አታስጠኑ። ሴት ልጆች ደግሞ በራሳችሁ ቤት ወይም ወላጆቻችሁ በሚያውቁት ቤት፣ ሳይመሽ አስጠኑ። ክፍያውን ወር ሲገባ ተቀበሉ። ወር ሲያልቅ ከሆነ አንዳንዱ ወላጅ ሁለት ሳምንት ያዘገየዋል፣ እናንተም ለመጠየቅ ታፍራላችሁ።

የማስጠናት ድክመቱ አለማደጉ ነው። ሰዓታችሁን ነው የምትሸጡት፣ ሰዓታችሁም ውስን ነው። የራሳችሁ ፈተና ሲደርስ ገቢው ይቆማል። ለበግ ወይም ለዶሮ መነሻ ብር ለማግኘት ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላየሁም።

በግ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጎጃም ውስጥ ላለ ተማሪ፣ በተለይ ግቢ ላለው፣ ሁለት በግ ማድለብ ከሁሉም የሚመቸኝ ሥራ ነው።

የዋሸራ በግ የራሳችን ነው። ምዕራብ ጎጃምና አዊ የሚታወቁበት፣ አብዛኛው ቀንድ የሌለው፣ ብዙውን ጊዜ ቡናማ፣ ቶሎ የሚያድግ በግ ነው። ሌላ አገር ያለ ሰው ዝርያውን ፈልጎ ይገዛል። እናንተ በየገበያ ቀኑ ታልፉታላችሁ።

አሁን ወደ ጾሙ እንመለስ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ በግ የሚያርድ የለም፣ ዋጋው ይረግባል። ሲፈታ ደግሞ ሁሉም ቤት በአንድ ሌሊት በግ ይፈልጋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት የጾም ሳምንታት ገዝቶ ለፋሲካ መሸጥ ነው። ዶሮ ያዥውን የሚጎዳው ጾም በግ አድላቢውን ይጠቅመዋል። ለዚያ ልጅ በማግስቱ የነገርኩት ይህንን ነበር። ለገናም እንዲሁ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፣ ጊዜው አጭር ስለሆነ ግን በጉን ቀደም ብሎ ጥቅምት መጨረሻ ላይ መግዛት ይሻላል። ያን ጊዜ ሣሩም ገና አልደረቀም።

ገበያ ስትሄዱ ብቻችሁን አትሂዱ። አባታችሁን፣ አጎታችሁን ወይም በግ የሚያውቅ የሰፈር ሰው ይዛችሁ ሂዱ። የምትፈልጉት የከሳ እንጂ የታመመ በግ አይደለም። ልዩነቱ እንዲህ ይታያል። ወገቡን ዳስሱት፣ አጥንቱ ለእጃችሁ ይሰማችኋል፣ ቁመናው ግን ረዥም ነው። ዓይኑ ንቁ ነው። አፍንጫው አይዝረከረክም። ጅራቱን ገልጣችሁ እዩ፣ ሥሩ በቅዘን ከቆሸሸ ተቅማጥ አለበትና ተዉት። አፉን ከፍታችሁ ጥርሱን እዩ፣ ወጣት በግ ቶሎ ይሞላል። ደላላው ቢያጣድፋችሁም አትጣደፉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ሁለት ግዙ እንጂ አንድ አትግዙ። በግ ብቻውን ሲሆን ይጨነቃል፣ መብላቱም ይቀንሳል። ቤት እንደገባ ለትል መድኃኒት ስጡት። ረግረግ መሬት ላይ የጋጠ በግ የጉበት ትል አያጣውም፣ ትል ያለበትን በግ መቀለብ ደግሞ ትሉን መቀለብ ነው።

ቀለቡ ድርቆሽ፣ የባቄላና የአተር ገለባ፣ በላዩ ፉርሽካና ፋጉሎ ነው። ጎረቤታችሁ ጠላ የሚጠምቁ ከሆነ አተላውን ለምኑ፣ ወይም ውኃ ቀድታችሁ በአተላ ተለዋወጡ። ፋጉሎና ፉርሽካውን በአንድ ጊዜ አትጫኑበት። በጭብጥ ጀምሩ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያላችሁ በቀን ወደ 300 ግራም አድርሱት። በአንዴ ከበዛበት ሆዱ ይነፋና ሊሞት ይችላል። ንጹሕ ውኃና ጨው አይጥፋበት። ጠዋት ግማሽ ሰዓት፣ ማታ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ትምህርታችሁን አይነካም።

አንዱን በግ ከበዓሉ አንድ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሽጡ። ሁለተኛውን ለዋዜማው ገበያ አቆዩት። የዋዜማው ገበያ አንዳንዴ ይሰቀላል፣ አንዳንዴ ደግሞ በግ ይበዛና ይወድቃል። ሁለቱንም ለዋዜማ ማስቀመጥ ለጀማሪ አይመከርም።

መንገድ ተዘግቶ የትልቅ ከተማ ነጋዴ ሳይመጣ ቢቀርስ? ዋጋው ይወርዳል፣ አዎ። በጉ ግን አይበላሽም። ቀለብ እየበላም ቢሆን ቀጣዩን በዓል ይጠብቃል። እንቁላል ይህ ዕድል የለውም። ትልቁ አደጋ ሞት ነው። ከሁለት በግ አንዱ ቢሞት የብራችሁን ግማሽ አጣችሁ ማለት ነው። ስለዚህ በብድር ገንዘብ በግ አትግዙ። የራሳችሁ ብር ለአንድ በግ ብቻ ከበቃ ከወንድም ወይም ከጓደኛ ጋር ሆናችሁ ሁለት ግዙና ለየራሳችሁ አንድ አንድ ያዙ።

ዶሮ

አሥረኛ ክፍል ሆኜ 12 ቄብ ገዛሁ። ሻጩ "ተከትበዋል" አለኝ፣ እኔም አመንኩት። ለሦስት ወር ጥሩ ነበር። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ አንዲት ቆንጆ ዶሮ አየሁና ጨመርኳት። በሳምንቱ ጠዋት በሩን ስከፍት ሁለቱ አንገታቸው ተጠማዞ ወድቀዋል፣ ከሥራቸው አረንጓዴ ኩስ አለ። ፈንግል ነበር። በአምስት ቀን ውስጥ ዘጠኙ ሞቱ። እናቴ ምንም አላለችኝም፣ ግን እሷ ናት አፈር ቆፍራ የቀበረቻቸው። ያንን እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ይህን የምነግራችሁ ዶሮ እንድትፈሩ አይደለም። ሁለት ነገር እንድትይዙ ነው። አንደኛ፣ ክትባቱን ከሻጭ አፍ ሳይሆን ከወረዳችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ አረጋግጡ። የፈንግል ክትባት አንዴ ተወግቶ የሚያልቅ ሳይሆን በየጊዜው የሚደገም ነው። ሁለተኛ፣ ከገበያ የመጣ አዲስ ዶሮ ከነባሮቹ ጋር ሳይቀላቀል ሁለት ሳምንት ለብቻው ይቆይ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። በብር ፈንታ በእንቁላል እንቁጠር። አንድ የፈረንጅ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ትበላለች። አሥር ዶሮ 1.2 ኪሎ ይበላሉ። አሥሩ በቀን ሰባት እንቁላል ጣሉ እንበል። የአንድ ኪሎ መኖ ዋጋ ከሦስት እንቁላል ጋር እኩል ከሆነ ለቀለብ ወደ አራት እንቁላል ይሄዳል። ለመድኃኒት፣ ለተሰበረውና ለቤት አንድ ያዙለት። በእጃችሁ የሚቀረው በቀን ሁለት እንቁላል ነው፣ በወር 60። አንዲት ቄብ በ35 እንቁላል ዋጋ ከተገዛች አሥሩ 350 እንቁላል ወስደዋል። ብራችሁ የሚመለሰው ወደ ስድስት ወር ገደማ ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ከገዛችሁ ደግሞ ዋጋው ይረክሳል፣ መጣል የሚጀምሩት ግን አምስት ወር ግድም ሲሆናቸው ነው። እስከዚያ እየበሉ ነው።

እናንተ ጋ አንድ ኪሎ መኖ የስንት እንቁላል ዋጋ ነው? ሦስት ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አስቡበት። አምስት ከደረሰ ተዉት፣ የምትሠሩት ለመኖ ነጋዴው ነው።

የሐበሻ ዶሮስ? በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ነው የምትጥለው። ግን ራሷ ጭራ ትበላለች፣ ጫጩት ታሳድጋለች፣ በበዓል ደግሞ ዋጋዋ ከፈረንጇ ይበልጣል። ገጠር ያላችሁ፣ መኖ ለመግዛት ከተማ መሄድ ያለባችሁ ከሆነ፣ አምስት የሐበሻ ዶሮ ይዛችሁ ለበዓል ዶሮ መሸጥ ከፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ይሻላል እላለሁ። ከተማ ያላችሁ፣ ለሆቴልና ለሻይ ቤት ለማስረከብ የተስማማችሁ ከሆነ የፈረንጇን ምረጡ።

ሁዳዴ ላይ ምን ይደረጋል? እንቁላሉ ይወጣል፣ ሰው አይበላም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችሁና ሆቴሎች ይገዛሉ፣ ዋጋው ግን ዝቅ ይላል። የጾሙ መጨረሻ ሁለት ሳምንት እንቁላል ቀዝቃዛ ቦታ ሆኖ ለፋሲካ ይደርሳል፣ ዶሮ ወጥ ያለ እንቁላል አይሠራምና። የሐበሻ ዶሮ ካላችሁ ደግሞ ሁዳዴ ላይ አስታቅፏት፣ በ21 ቀን ጫጩት ነው።

አንድ የቤት ጉዳይ አለ፣ እንዳታልፉት። በእኛ ባህል የዶሮና የእንቁላል ብር የእናት ነው። እናታችሁ ቅቤና እንቁላል ሸጣ ነው ጨውና ሳሙና የምትገዛው። እናንተ ዶሮ ስትጀምሩ በእሷ ቦታ እየገባችሁ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ተቀመጡና ተስማሙ። "እማ፣ በሳምንት ስድስት እንቁላል ለቤት፣ የቀረው የኔ። እንግዳ ሲመጣ ከኔ ዶሮዎች አይታረድም፣ ከታረደ ግን በቦታው ሌላ ይገዛልኛል።" ይህን በደብተር ጻፉት። እናት ልጇን የምትበድል ሆኖ አይደለም። እንግዳ ድንገት ሲመጣ ማንም ሰው ዓይኑ ያረፈባትን ዶሮ ነው የሚይዘው።

ችግኝና ንብ

ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ ሁለቱም ትዕግስት ይፈልጋሉ። ችግኝ መነሻ ብሩ ትንሽ ነው። ዘር፣ ፕላስቲክና ጥሩ አፈር ይበቃዋል። ጥር ላይ ታፈላላችሁ፣ በጋውን ሙሉ ጠዋትና ማታ ውኃ ታጠጣላችሁ፣ የምትሸጡት ሰኔና ሐምሌ ነው። ወንዝ ወይም ጉድጓድ በቅርብ ከሌላችሁ አትሞክሩት። ባህር ዛፍ ሁሉም ያፈላል፣ ጌሾና ቡና የሚያፈላው ግን ትንሽ ነው። አዊ አካባቢ ያላችሁ ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ የሚባል ዛፍ ብዙ ወጣት እንደጠቀመ ታውቃላችሁ። በቅርብ ዓመታት ግን ዛፉ ላይ የዝገት በሽታ ገብቷልና ሙሉ ተስፋችሁን እሱ ላይ አትጣሉ።

ንብ ደግሞ ዋናው ቆረጣ አደይ አበባ ካለፈ በኋላ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነው። ብሩ በዓመት አንዴ ይመጣል ማለት ይቻላል። በቤታችሁ ንብ የሚያውቅ ሰው ካለ፣ አያታችሁም ይሁኑ፣ ከእሳቸው አንድ ቀፎ ለምኑና በዚያ ተማሩ። ካለበለዚያ ለመጀመሪያ ሥራ አልመክረውም።

ሙያ መልመድ

ስልክ ጥገና፣ ልብስ ስፌት፣ ብረታ ብረት፣ ፀጉር ሥራ። በረጅም ጊዜ ሲታይ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ሊሆን ይችላል፣ ምክንያቱም በእጅ ያለ ሙያ አይሞትም፣ መንገድ ቢዘጋም አይበላሽም። ብር እስኪያመጣ ግን ጊዜ ይወስዳል።

እኔ አንድ ክረምት ሙሉ አንድ የጥገና ሱቅ ውስጥ "ሙያ ልልመድ" ብዬ ገብቼ ሻይ ሳመላልስ ከረምኩ። ሁለት ወር ሙሉ ብየዳውን አላስያዙኝም። ጥፋቱ የእኔም ነበር፣ ምን እንደምማር ሳልጠይቅ ነው የገባሁት። እናንተ ስትገቡ ባለቤቱን ወላጃችሁ ባለበት ጠይቁት። በመጀመሪያው ወር ምን ተምሬ እጨርሳለሁ? በሁለተኛውስ? ጥርት ያለ መልስ ከሌለው ሌላ ሱቅ ፈልጉ።

ሕጉንም እወቁት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም ማሠራት አይቻልም። ትርፍ ሰዓት፣ የሳምንት የዕረፍት ቀንና የበዓል ቀንም እንዲሁ።

ስልክና ርቆ መሄድ

በቴሌግራም ዕቃ መሸጥ፣ ለሱቆች ፖስተር መሥራት፣ ቪዲዮ ማቀናበር እውነተኛ ሥራዎች ናቸው። ግን ከ2015 ክረምት ጀምሮ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ እንደነበር አትርሱ። በኢንተርኔት ብቻ የሚኖር ገቢ ጎን ለጎን ሌላ እግር ያስፈልገዋል። "አንድ ሺህ ላክ፣ በሦስት ቀን ሦስት ሺህ እንልክልሃለን" የሚለውንና የስፖርት ውርርዱን ከሥራ አትቁጠሩት። ልጆች በዚህ የእናታቸውን የዕቁብ ብር ሲያጡ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሌላው አማራጭ መሄድ ነው። ለሰሊጥ ወደ ሁመራና መተማ፣ ወይም አዲስ አበባ ሎተሪና ሊስትሮ። ከመካከላችሁ ወደዚያ የሚያስገድደው ሁኔታ ያለበት ልጅ እንዳለ አውቃለሁ፣ አልፈርድበትም። ምርጫ ላላችሁ ግን እንዲህ እላለሁ። የሰሊጡ አጨዳ ትምህርት በሚከፈትበት ሰሞን ነው፣ ዓመቱን ይበላባችኋል። አዲስ አበባ ደግሞ የምታገኙትን ቤት ኪራይና ምግብ ይወስደዋል። እዚህ በሁለት በግ የሚገኘው ያነሰ ይመስላል፣ ግን ምሳችሁን እናታችሁ ጋ እየበላችሁ ነው የምታገኙት።

ብሩ የት ይቀመጥ?

ንግድ ባንክን ጨምሮ ብዙ ባንኮች ለታዳጊ የሚሆን የቁጠባ ሂሳብ አላቸው። ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ ጋር ሄዳችሁ ክፈቱ። ከ18 ዓመት በታች ሆናችሁ ብድርም ሆነ የሱቅ ኪራይ ውል በራሳችሁ ስም መፈረም አትችሉም፣ በወላጅ በኩል ነው።

ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ከ2010 ጀምሮ በዓመት 7 ከመቶ ነው። ዋጋ ግን ከዚያ በላይ ሲጨምር ቆይቷል። ስለዚህ ባንክ ብር ከእጅ እንዳይጠፋ የምታስቀምጡበት ቦታ ነው እንጂ ለዓመታት የምታስቀምጡበት አይደለም። በበዓል የሸጣችሁትን ባንክ አስገቡ፣ ጾም ሲገባ አውጥታችሁ በግ ግዙ። ዕቁብ ከገባችሁ ከምታውቋቸው ልጆች ጋር፣ በሳምንት በትንሽ ብር፣ አንድ ትልቅ ሰው ሰብሳቢ ሆኖ ይሁን።

ከየትኛው ወር ልጀምር ለምትሉ

መስከረም ላይ ከሆናችሁ ማስጠናት ጀምሩ፣ ወላጅ ያኔ ነው የሚያስበው። ጥቅምት መጨረሻ ለገና የሚሆን በግ ግዙ። ጥር ላይ ውኃ ያላችሁ ችግኝ አፍሉ፣ የሌላችሁ ቆሎ ቁሉ፣ ሁዳዴን ሙሉ ይሸጣል። የካቲት ሁዳዴ ሲገባ በግ ነው። ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ በጉ ተሸጦ ብሩ እጃችሁ ሲገባ፣ ያኔ የዶሮን ጉዳይ አንሱት። ሐምሌና ነሐሴ ለሙያ ነው።

ያ ልጅ ዶሮውን ትቶ ከታላቅ እህቱ ጋር ሆኖ ሁለት በግ ገዛ። አንዱን ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት፣ ሌላውን በዋዜማው ሸጡ። ሰሞኑን ሳገኘው ደብተሩን አሳየኝ። በግራ በኩል የፉርሽካ፣ የፋጉሎና የመድኃኒት ወጪ፣ በቀኝ በኩል ሽያጩ ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ በእህቱ ጽሑፍ "አንድ ኪሎ መኖ = ስንት እንቁላል?" የሚል ጥያቄ አለ። መልሱን ገና አልጻፉትም፣ ቅዳሜ ገበያ ሊጠይቁ ነው።